ቃጭሏ የተፈታ ጭልፊት

በዘርማን መንግሥት ፀሐይ ጥቁር ቀለበት አጥልቃ በወጣችበት ዕለት፣ የዝናብ ቁልፍ ከመቅደሱ ተሰረቀ። የሰረቀው ጎርባ ነበር፤ ዓይን የሌለው፣ ሰባት ጆሮ ያለው የእሾህ ጫካ አውሬ። ምንጮች ነጠፉ። እናቶች የልጆቻቸውን ከንፈር በጤዛ አራሱ፤ ጤዛውም እስኪያልቅ ድረስ።

በዘርማን አዳኝ አእዋፍ በንጉሡ አዳራሽ የሚሰየሙት በክንፋቸው ስፋት ነው፤ ንስር ከሁሉ በላይ፣ ጭልፊት ከሁሉ በታች፣ ከበሩ ሥር። በጭልፊት እግር ላይ ቃጭል ይታሰራል። ንስሮቹ ቃጭል የሌላትን ትንሽ ወፍ ሁሉ ነጥቀው ለንጉሡ እግር እንዲያቀርቡ ተገርተዋልና፣ ቃጭሉ ነፍሷ ነው።

መጀመሪያ ሰባት ንስሮች ተላኩ። ሰፊ ክንፋቸውን እሾህ ተለተለው፤ የተመለሰው የንስር አሠልጣኙ የደርባው ንስር ብቻ ነበር። ያኔ ዝማሬ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ጭልፊቷን ሽውታን በእጇ ይዛ ከበሩ ሥር ተነሣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ የእኔዋ ክንፏ አጭር፣ ጅራቷ ረጅም ነው፤ በቅርንጫፍ መካከል እንደ ውሃ ትሾልካለች። እኛን ላኩን።»

«ድንቢጥ አሳዳጇን?» አለ አንድ መስፍን። «ጎርባ ጥርሱን ይጎረጉርባታል!»

አዳራሹ ሳቀ። ንጉሥ አግማስ ግን ፈቀደ፤ ደርባውንም ከነንስሩ አስከተላት። ደርባው ሰይፉን ጨብጦ «ዓይኔ ያየውን አንደበቴ አይክድም!» ሲል ማለ።

በሦስተኛው ቀን ከጫካው ጫፍ ደረሱ።

«ከነቃጭሏ ከገባች ጎርባ ይሰማታል፤ መፍታቴ ነው» አለች ዝማሬ። «ደርባው ወንድሜ፣ የንስርህን ዓይን ሸፍነው።»

«የንስር ዓይን በጭልፊት ፊት አይሸፈንም። ወጉን አታውቂም? እግሩን አስሬዋለሁ፣ ይበቃል።»

«ማሰሪያውን እስቲ ድጋሚ እየው።»

«አስሬዋለሁ አልኩሽ እኮ! ምን እንደ አሮጊት ያነጫንጭሻል?»

አላየውም። ምነው አንዴ ዞር ብሎ ባየው! የንስሩን ጠፍር በመጀመሪያው ጉዞ እሾህ በልቶት ነበር።

ዝማሬ ቃጭሉን ፈታች፤ የሽውታን ደረት ሳመችና ለቀቀቻት። ጫካው ዋጣት። ብዙ ከቆየች በኋላ፣ ቁልፉ በጥፍሯ እያበራ ከእሾሁ ተስፈንጥራ ወጣች። ከኋላዋ ጎርባ ጮኸ። ዝማሬ ቃጭሉን መልሳ ልታስር እጇን ዘረጋች፤ የንስሩ ጠፍር ግን ተበጠሰ። ከራሷ በላይ ጥላ አለፈ። ከዚያ አንድ ቡናማ ላባ እየተሽከረከረ መዳፏ ላይ ወደቀ።

ንስሩ ሽውታን ከነቁልፉ ይዞ ወደ አዳራሹ በረረ፤ ከንጉሡ እግር ሥር የደረሰው ግን ቁልፉ ብቻ ነበር።

እነርሱ ከተማ ሲደርሱ ዝናብ ይዘንባል፤ ሕዝቡ ለንስር ይዘፍናል። ንጉሡ በደርባው ትከሻ ላይ የወርቅ ካባ ደረበ።

«ንስርህ አገር አዳነ! እንዴት እንደሆነ ተናገር!»

ደርባው ዝማሬን አየ። ካባውን አየ።

«እንዳዩት ነው፣ ንጉሥ ሆይ» አለ።

ዝማሬ መዳፏን ከፈተች፤ ቃጭሉና ላባው ነበሩ። «ይህስ?»

«አይዞሽ ልጄ» አለ ንጉሡ በርኅራኄ። «ጭልፊትሽ ጠፋችብሽ? ሌላ እንሰጥሻለን።»

ዝማሬ ቃጭሉን ከበሩ ሥር ባለው ባዶ ማረፊያ ላይ አስራ ወጣች። ደጅ ልጆች አፋቸውን ለዝናቡ ከፍተው ቆመዋል።

«ጠጡ» አለቻቸው።