ሰው ሳይሞት የተነፋው ዲንኬ

አስካለች ከሶዶ የወጣችው እየተሳደበች ነው። ዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል፤ ጭቃው ገና ከንጋቱ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እሷ ግን ዱላዋን መሬት ላይ እየሰካች ለሚያልፈው ሁሉ ትናገራለች።

«ዋንጫ! የሶርሳን ቀንድ ዋንጫ ሊያደርጉት! ሰካራም አፉን ሊያብስበት!»

ቅቤ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች አንድ ጊዜ አይተዋት መንገዱን ለቀቁላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ ባሏ ሶርሳ የዲንኬ ነፊዎች አለቃ ነበር። ዲንኬ ለትልቅ ሰው ለቅሶ የሚነፋ ስድስት የአጋዘን ቀንድ ነው። እያንዳንዱ ቀንድ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማ የሚሆነው ስድስቱ ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው። አንዱ ከተነጠለ የቀሩት ዲዳ ይሆናሉ። ሶርሳ ሲሞት ቀንዶቹ በወጉ መሠረት ለወንድሙ ልጅ ለደገፉ ተሰጡ። ሴት ዲንኬን ትወለውላለች፣ ቅቤ ትቀባለች፣ ከጢስ ትጠብቃለች፤ አፏን ግን አታስነካም። አስካለች ዕድሜዋን ሙሉ ስትወለውል ኖራ፣ ባሏ በተቀበረ ሳምንት ቀንዶቹ በደጇ ተጭነው ሲወጡ ቆማ አይታለች።

ትናንት ደግሞ ባለሱቁ ጀማለዲን ስኳር መመዘኑን ትቶ ጠራት።

«እትዬ አስካለች፣ ሰምቼ ዝም ብል ኃጢአቱ የኔም ነው። ያ አድነው የሚባል አሮጌ ዕቃ ለቃሚ እዚህ ጆንያ ሲገዛ ሲፎክር ነበር። ደገፉ ቀንዶቹን ሊሸጥለት ተስማምቷል። ሁለቱን አንድ ፈረንጅ ግድግዳው ላይ ሊሰቅላቸው ፈልጓል። የቀሩትን ዋንጫ አሠራቸዋለሁ አለ።»

ልጆቿ ጋ ሄደች። አንደኛው ቢሮ አለብኝ አለ፣ ሌላው መኪናዬ ተበላሽታለች አለ። እናታቸው ብቻዋን ደገፉ ወዳለበት ቆላ ትውረድ! የተነሡት የሰው ልጆች ናቸው። ሣራና ጦና የሚባሉ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ፣ ክረምቱን ሙሉ ደጇ እየተመላለሱ ነዝንዘው ያሰለቿት። የትምህርት ቤቱን ባዶ መጋዘን ለምነው አግኝተዋል፤ የድሮ ዕቃ ሰብስበው ሊጠብቁበት፣ ታሪኩንም ከሚያውቅ ሰው ሊማሩ ይፈልጋሉ።

«ደመወዙን ማን ይከፍላችኋል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ማንም፣ እማማ። በፈቃዳችን ነው» አለች ሣራ። «ወደፊት ግን ሥራዬ እንዲሆን ነው የምፈልገው። አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚየም የሚባል ቤት አለ፣ እዚያ ሰው ተቀጥሮ ይሠራል።»

«አባትሽስ?»

«አባቴ ድሬሰር ሁኚ ይላል።»

«ደግ ብሏል! ቁስል እጠቢ!» ብላ በመጥረጊያ አባርራቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የእንሰት ቃጫ ገመድ ተሸክመው አጥሯ ሥር ቆመው አገኘቻቸው።

«ምን ልትረዱኝ?»

«ስድስት ቀንድ ለአንድ ሰው ይከብዳል» አለ ጦና።

 ይኸው አብረዋት ይሄዳሉ።

አድነው በበቅሎ ዋናውን መንገድ ይዟል። እነሱ በዱጉና ተራራ ጎን አቋረጡ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው እንደ ጠጠር ይወርድ ጀመር፤ መንገዱ ጅረት ሆነ። አንድ ጠባብ ቦታ ላይ የአስካለች እግር ሥር ያለው አፈር ተንሸራትቶ ገደሉን ይዞ ወረደ። እሷ አንድ የዛፍ ሥር ጨብጣ ተንጠለጠለች።

«እማማ፣ ዱላውን ይልቀቁት! እጅዎን ይስጡኝ!»

«ዱላው የሶርሳ ነው!»

«ይልቀቁት አልኩ!» ጮኸች ሣራ፣ በደረቷ ጭቃው ላይ ተኝታ።

አስካለች ዱላውን ለቀቀችው። ገደሉ ውስጥ ሲንቋቋ እየሰማች፣ ሁለቱ ልጆች ከመቀነቷ ጎትተው አወጧት። ተነሥታ ጭቃዋን አራገፈች።

«በኔ ላይ ደግመሽ እንዳትጮኺ» አለች። ትንሽ ሄዳ ዞር አለች። «እጅሽ ግን ይይዛል።»

ቢጠና ከተማ አንዲት ዘመዷ ቤት አድረው ሲወጡ፣ ከጓሮው የፓፓያ ቅጠል ዘንግ ቆርጣ ሰጠቻቸው። ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲነፉት ይጮኻል።

«ከንፈርሽን አጥብቂ። ጉንጭሽን አትንፊ፣ እንቁራሪት ነሽ? አንቺ ይሄን ድምፅ ያዢ፦ ሁ። አንተ ይሄን፦ ዩ። እኔ በጉሮሮዬ ሦስተኛውን እሞላለሁ። የራስህን ተራ ጠብቅ። የሌላውን አትንጠቅ። ከረሳህ ዝም በል፤ ያለ ቦታህ ከምትጮህ ዝምታህ ይሻላል።»

እየሄዱ ነፉ። ሲሳሳቱ በለጋ ግራር አርጩሜ ባታቸውን ትገርፋለች። የዲንኬን ሕግም ነገረቻቸው፦ ሰው ሳይሞት አይነፋም። ድምፁን የሰማ ሁሉ ማረሻውን ጥሎ፣ ድስቱን አውርዶ ይመጣል። በከንቱ የጠራ ለሞት ደጁን ከፈተ ይባላል።

«እርስዎ አንድም ቀን ነፍተው አያውቁም?» አለች ሣራ።

«ሴት አይደለሁ?»

«ታዲያ እኔስ?»

አስካለች የፓፓያ ዘንግ ዲንኬ አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች።

ቆላው ሌላ አገር ነው። ግራሩ እሾሁን ዘርግቷል፣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ሙቀቱ የምድጃ አፍ ነው። ዝንቡ ዓይን ዓይን ይላል። ድንገት ከፊታቸው አንድ ነገር አናፋ። ሣሩ ተሰነጠቀ፤ ጥቁር ግንባርና የተጠማዘዘ ቀንድ ወጣ።

«ጎሽ! ተበተኑ!»

አስካለች ከአንድ ኩይሳ ኋላ ራሷን ወረወረች። አውሬው ምድሩን እያንቀጠቀጠ አጠገቧ አለፈ፤ የነጠላዋን ጫፍ በቀንዱ ቀድዶ ይዞት ሄደ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ሣሩ ቁመቷን ውጦታል፤ ማንንም አታይም። ስም ጠርታ ብትጮህ አውሬው ይመለሳል ብላ ፈራች። በጉሮሮዋ ቀስ ብላ የራሷን ድምፅ አሰማች። ሆ።

ከግራ በኩል መጣ። ሁ። ሣራ አለች።

የጦና ተራ ባዶውን አለፈ።

ደገመች። ሆ። ሁ። ባዶ።  የሰው ልጅ ይዛ ወጥታ! ለእናቱ ምን ብላ ልትነግራት ነው? ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ከሰማይ የመጣ በሚመስል ቀጭን ድምፅ «ዩ» አለ።

ግራር ላይ ተሰቅሏል። ዘንጉ ተሰብሮበት በአፉ ነው የጮኸው፤ ሸሚዙ በእሾህ ተዘልዝሏል።

«ምን ትጠብቃለህ? ውረድ እንጂ! ጎሹ ሄዷል።»

«መውረጃው ጠፋብኝ፣ እማማ። እንዴት እንደወጣሁም አላውቅ።»

ሣራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አስካለች «ዝም በይ» አለቻት፣ እሷም ግን ፊቷን አዙራ ነው ያለቻት።

የደገፉ መንደር ከብላቴ ወንዝ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ነው። ሲደርሱ ደገፉ በረንዳው ላይ አዲስ ኮት ለብሶ ተቀምጧል። ቀንዶቹ ይሰቀሉበት የነበረው ምሰሶ ባዶ ነው።

«የት አሉ?»

«ዘገየሽ፣ የአጎቴ ሚስት። አሁን ወሰዳቸው። ወንዙን ተሻግሮ ማዶ መኪና ይጠብቀዋል።» ዓይኑን ሰበረ። «የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልሆን ነው። ይሄን የድሮ ነገር ቤቴ ሰቅዬ ምን ልባል?»

«እኔም አንተ የምትዘምርበት አግዳሚ ላይ ነው የምቀመጠው! ያንተ እግዚአብሔር የአጋዘን ቀንድ ይፈራል? አባትህ ሲሞት ማን ነው የሸኘው? ኮትህ ነው?»

«ሸጫለሁ፣ አለቀ።»

«አላለቀም!» ብላ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ልጆቹ ቀድመዋት ሮጡ።

ብላቴ ሞልቷል። ውሃው እንደ ቡላ ገንፎ ወፍሮ፣ ግንድና የሞተ ፍየል እየነዳ ይወርዳል። አስተዋይ ሰው ቁጭ ብሎ እስኪጎድል ይጠብቃል። አድነው ግን ቸኩሎ በቅሎውን ከነጭነቷ ወደ ውሃው ነድቷት ነበር፤ ሲደርሱ በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ ባዶ ጀርባዋን ይዛ ዳር ስትወጣ አዩ። ጆንያው መሀል ወንዙ ላይ ከወደቀ ሾላ ቅርንጫፍ ጋር ተያይዞ ይንገላታል። አድነው ዲሞትፈር ጠመንጃውን በሁለት እጁ ይዞ ዳር ቆሞ ይራገማል።

«ገመዱን!» አለች አስካለች።

ጦና ወገቡ ላይ አሠረው። ሣራና አስካለች ጫፉን በአንድ ግንድ ጠምጥመው ያዙ። ልጁ እስከ ደረቱ፣ እስከ አንገቱ ገባ፤ ውሃው ገልብጦት እንደገና ብቅ አለ። ጆንያውን ያዘ። በዚያው ቅጽበት ከማዶው አሸዋ ላይ ግንድ የመሰለ ነገር ያለ ድምፅ ወደ ውሃው ተንሸራተተ።

«አዞ! ሳቢ! ሳቢ ልጄ!»

ገመዱ መዳፋቸውን ላጠው። ጦና ጆንያውን ታቅፎ በድንጋይ ላይ እየተጎተተ ወጣ፤ ኋላው ውሃው ተናወጠና ጸጥ አለ። ጆንያው ተቀድዶ ነበር። ውስጡ አምስት ቀንድ ቀርቷል። ስድስተኛውን ብላቴ በልቶታል።

አስካለች አምስቱን በእጇ ዳሰሰቻቸው። ከመካከላቸው የጎደለውን ሳታይ አወቀችው። የሶርሳ የራሱ ነው።

«ጎበዝ» አለ አድነው ከኋላቸው። የጠመንጃው አፈሙዝ ወደ ጦና ዞሯል። «አሁን አስቀምጡና ሂዱ። ገዝቼዋለሁ። አሮጊት፣ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ።»

«ዋንጫ ልታደርገው!»

«ምን አገባሽ? ብሰብረውስ?»

አስካለች ሽቅብ አየች። ተዳፋቱ ላይ ሰዎች በቆሎ ያርማሉ፤ ከዚህ ብትጮህ የወንዙ ድምፅ ይውጣታል። ሰው የሚጠራ አንድ ነገር ብቻ አለ። አንዱን ቀንድ ለሣራ፣ አንዱን ለጦና ሰጠች። ውሃውን አራግፋ ሦስተኛውን ራሷ አነሣች።

«እማማ» አለች ሣራ ፊቷ ገርጥቶ፣ «ሰው ሳይሞት አይነፋም ብለውናል። ሴት ደግሞ…»

«እኔ ነኝ ያልኩሽ፣ አውቃለሁ! አፋቸውን እንዲያስነኩ የተፈቀደላቸው ወንዶች ናቸው የሸጡት። ንፊ!»

አድነው ሳቀ። ለቀንድ ጩኸት ማን ሰው ላይ ይተኩሳል? ምን እያደረጉ እንደሆነ አልገባውም።

ከንፈሯን አጥብቃ ነፋች። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቀጥሎ ግን ያ ስትወለውለው የኖረችው ቀንድ በእጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠና ጮኸ። ሆ። ሣራ ተቀበለች። ጦና ተቀበለ። ጎደሎ ነው፣ ይንገዳገዳል፤ ቢሆንም ዲንኬ ነው። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ ወደ ላይ ወረወረው።

ተዳፋቱ ላይ ያጎነበሰው ሁሉ ቀና አለ። መኮትኮቻው ወደቀ። መጀመሪያ አንድ ሰው፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ ሽማግሌዎቹ በዱላቸው እየተደገፉ ወደ ወንዙ ጎረፉ። ደገፉም ከነኮቱ መጣ።

«ማን ሞተ? ማነው የሞተው?»

አስካለች ቀንዱን ከአፏ አወረደች። ከንፈሯ ደምቷል።

«ሶርሳ ሞተ! አንድ ጊዜ እኔ ቀበርኩት፣ ዛሬ ደገፉ ሊቀብረው ነው! ይሄ ሰውዬ ዋንጫ ሊያደርገው ነው! ያንተን አባት የሸኘ ማነው፣ ንገረኝ! ያንቺንስ እናት? እኔን ስሞት በምን ልትሸኙኝ ነው? በጆንያ?»

 ከዚያ አንድ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ወደ ፊት ወጡ። «አባቴን ሸኝቷል» አሉ። «የኔንም» አለ ሌላው። «ወንድሜን» አለች አንዲት ሴት። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ሰዉ አንድ እርምጃ ወደ አድነው ይጠጋል። ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ አንዱ፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ዞረ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ።

«ገንዘቤን መልሱልኝ» አለ አድነው በተሰበረ ድምፅ።

ደገፉ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ እግሩ ሥር ጣለለት። ቀና ብሎ አስካለችን ሊያያት አልቻለም። እሷም አላዘነችለትም።

ሽማግሌው ወደ አስካለች ዞሩ። «ሰው ሳይሞት ነፋሽ። ሴት ሆነሽ ነፋሽ።»

«ነፋሁ። ቅጡኝ!»

«አልቀጣሽም» አሉ። «ግን ስድስተኛው የታለ? ዜማው ይጎድላል።»

ሲመለሱ በአቋራጭ አልሄዱም። ከመንደሩ ሦስት ጎረምሶች «እኛም እንማር» ብለው ተከተሏት፤ አስካለችም አምስቱን ቀንድ ለአምስቱ ወጣት አከፋፈለች፣ ለሣራ ትልቁን። በዋናው መንገድ፣ በቢጠና ገበያ መሀል፣ ወንዝ የበላውን ቀንድ እየሸኙ፣ እየነፉ አለፉ። የሶርሳ ቀንድ ተራ ሲደርስ፣ ያ ባዶ ቦታ ላይ፣ አስካለች በጉሮሮዋ ትሞላዋለች። ሆ። ሣራ ያንን ድምፅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታጠና አየቻትና አርጩሜዋን አላነሣችም።

ሶዶ ሲገቡ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። ጀማለዲን ሚዛኑን ጥሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። የሣራ አባት ዳና ከሰው መሀል ተጋፍቶ መጣ፤ ልጁን ቀንድ ይዛ ሲያያት ደነገጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!» አለች አስካለች። «ልጅህ ሥራ ይዛለች።»

«ሥራ? የምን ሥራ? ደመወዙስ?»

«ዲንኬ መጠበቅ! ደመወዝ የለውም! አፍህን ዝጋና ስማ። አንቺ ልጅ፣ ድገሚ!»