ከሚስማሩ የወረደው ሰዓት

ሰዓት ሠሪው ሞቶ ሲገኝ ግድግዳውን የሞሉት ሰዓቶች በሙሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዱ ነበር። ሽማግሌው ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደገጠመ ከኋላው ላየው ሰው ሥራ ሰልችቶት ያሸለበ ይመስላል። ግራ ክንዱ ላይ የታሰረው ጥቁር ስማርት ሰዓት ግን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያበራ ነበር፤ «የልብ ምት አልተገኘም።»

ነገሩ የተቋጨው በዚሁ ስማርት ሰዓት ምስክርነት ነው። የአስከሬን ሐኪሙ ሽማግሌው ታፍኖ መሞቱን፣ የታፈነውም በገዛ ወንበሩ ትራስ መሆኑን ሳይቸገር ተናገረ። መቼ እንደሞተ ግን መናገር አልቻለም፤ እግሩ ሥር የተተወው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስከሬኑን ሲያሞቀው ውሏል። ያኔ የሟቹ ወንድ ልጅ «ሰዓቱ ያውቃል» አለ። ሰዓቱም ያውቅ ነበር፤ ልቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲመታ ቆይቶ ከምሳ በኋላ ቆሟል። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ከሟቹ ጋር የነበረችው ሴት ልጁ ብቻ ናት። በማግስቱ ታሰረች።

«ታዲያ ምን ቀረ?» አለ የመርማሪዋ አለቃ፣ ፋይሉን ወደ እሷ እየገፋ። «ማሽን ነው የመሰከረው። ማሽን ደግሞ አይጠጣ፣ ጉቦ አይበላ፣ ዘመድ የለው። ልጅቷ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አንቺ የእናትየውን ቃል ተቀብለሽ ነይ፤ በቃ።»

መርማሪዋ አጭር፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ናት። ከሰው ፊት ይልቅ ዕቃ ዕቃውን ማየት ይቀናታል፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ በዚህ የተነሳ «ዕቃ ገማቿ» እያሉ ያሾፉባታል። ክርክር አትወድም። ፋይሉን ይዛ ወጣች።

የሟቹ ቤት ያለበት መንገድ ድሮ ከዳር እስከ ዳር የሰዓት ሠሪዎች ነበር። ትላልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ተራ በተራ ሰዓት መሥራት ሲጀምሩ ሱቆቹም ተራ በተራ ተዘጉ፤ አንዱ ጫማ መሸጫ ሆነ፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት። የቀረው ይህ ብቻ ነው። ከታች የሥራ ክፍሉ፣ ከላይ መኖሪያው።

መጀመሪያ የሥራ ክፍሉን አየች። በሩ አጠገብ ባዶ ሚስማር ተመቷል፤ ከሥሩ ያለው ቀለም አንድ ነገር ዘወትር ሲተሻሽበት እንደኖረ ሁሉ ፈዟል። ጠረጴዛው ላይ ወረንጦና ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ብሎን አሉ። ሆዱ ተከፍቶ ሲሠራ የነበረው የእጅ ሰዓት ግን ጠረጴዛው ላይ የለም፤ ወዲያ ማዶ መደርደሪያ ላይ በብርጭቆ ክዳን ተከድኖ ተቀምጧል። ቀጥላ በላስቲክ የታሸገውን ስማርት ሰዓት አወጣች። ማሰሪያው ላይ በእጅ የተበሳ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ፤ ሽማግሌው ያሰረውም በዚያ ነው። ነገር ግን ለወፍራም ክንድ በምትሆነው በመጨረሻዋ ቀዳዳ ዘንድም ማሰሪያው በቅርቡ ታጥፎ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በጥፍሯ ዳበሰችውና ሰዓቱን መልሳ አሸገችው።

ፎቅ ላይ እናትየው የባሏን ሸሚዞች እያጠፈች ነበር።

«እማማ፣ እታች በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ምን ይሰቀልበታል?»

«ያው ያ ሰዓት ነዋ። ልጄ ማሙሽ ሲያመጣለት አላስርም ብሎ አሻፈረኝ ብሎ ነበር። ልቡ ደካማ ስለሆነ እኔ ነኝ ለምኜ ያሳሰርኩት። ሊሠራ ሲወርድ ግን በሩ ላይ ፈትቶ ይሰቅለዋል። ‹ማግኔት አለበት፤ ከተከፈተ ሰዓት አጠገብ አላደርሰውም፤ ሞላዋ ታብዳለች› ይላል። ለሰዓት የሚያዝነውን ያህል ለኔ ቢያዝን ምን ነበረበት።» ፈገግ ልትል ሞከረች።

«ተጨማሪዋን ቀዳዳስ ማን በሳት?»

«እኔው በወስፌ። ክንዱ ቀጭን ነው...» ቃሉን ልታርመው አፏን ከፈተች፤ ግን አላረመችውም።

«ያን ቀን ምሳ ከማን ጋር በሉ?»

የእናትየው እጅ ሸሚዙ ላይ ቆመ። «ከማሙሽ ጋር። ሚጣ ዕቃ ልታደርስ ሄዳ ነበር። አባትየውን ልጥራው ስል ‹ሥራ ይዟል፣ ተይው› አለኝ።»

«ምሳ ላይ ሌላ ያዩት ነገር ነበር?»

እናትየው የታጠፈውን ሸሚዝ ፈታችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች። «የኔ ልጅ፣ እኔ ያለኝ ሁለት ልጅ ነው» አለች። የተጠየቀችው ግን ስለ ልጆቿ ቁጥር አልነበረም። መርማሪዋም ገባት፤ ስለገባትም ደግማ አልጠየቀች።

ሚጣን ያገኘቻት እስር ቤት ነው። ሠላሳን ያለፈች ሴት ናት፤ ጣቶቿ ግን ዘይት የለመዱ፣ ቁጥብ የሠራተኛ ጣቶች ናቸው።

«ከምሳ በኋላ ስመለስ ወንድም ጋሼን ደረጃው ላይ አገኘሁት» አለች። «‹አባዬ ደክሞት ተኝቷል። እንዳትቀሰቅሽው፣ ብቻውንም እንዳትተዪው፤ ሱቅ ደርሼ እመጣለሁ› አለኝ። እኔም ድምፄን አጥፍቼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ እንደዚያ መተኛት ልማዱ ነው። ሰው እንዴት አባቱ ሞቶ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ብሎን ያጠብቃል ትይኝ ይሆናል። እኔም እሱን ነው ራሴን የምጠይቀው።»

«ክንዱ ላይ ሰዓቱን አየሽው?»

«እጁ ጭኑ ላይ ስለነበር አላየሁም። ወንድም ጋሼ ተመልሶ ሊቀሰቅሰው ሲነካው ነው... ‹ሩጪ፣ እማዬን ጥሪ› አለኝ፤ ሮጥኩ። ስንመጣ እጁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ያ ነገር ያበራል።»

«አባትሽ ይሠራው የነበረው ሰዓትስ?»

«ፊት ለፊቱ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «ኋላ ግን መደርደሪያው ላይ ነው ያየሁት። ማነው ያነሳው?»

መርማሪዋ ይህንኑ ጥያቄ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ተነሳች።

የማሙሽ ሱቅ በትልቁ ጎዳና ላይ ነው፤ መስተዋት በመስተዋት። እናቱ ማሙሽ ትበለው እንጂ ጎልማሳ፣ ክንደ ወፍራም ሰው ነው። አጠገቡ ስማርት ሰዓቱን የሚሠራው ትልቅ ኩባንያ የላከው ሰው ተቀምጧል፤ ሸሚዙ እንደ ብራና የተወጠረ ትሁት ሰው።

«ኩባንያው የአባቴን ምልክት ፈልጎ ነበር» አለ ማሙሽ። «በየሰዓቱ ገጽ ላይ የኛን ቤት ምልክት ሊያወጣ። ትላልቆቹ ሁሉ ወደ ሰዓት ሥራ ገብተዋል፤ እኛ ለነሱ ዝንብ ነን። ዝንብን ሲጠሯት ትሄዳለች እንጂ ትግደረደራለች? አባቴ ግን ‹እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም፤ ስሞት እንዳሻችሁ› አለ።»

«እርስዎስ የሰዓት ሥራ ይችላሉ?»

«በልጅነቴ አስተምሮኝ ነበር። አሁን ካቻቢቴ አያያዙም ጠፍቶብኛል።»

መርማሪዋ ወደ ኩባንያው ሰው ዞረች። «ከእናንተ የደረሰን የልብ ምቱ ብቻ ነው። እርምጃውን፣ ደረጃ መውጣቱን፣ የት የት እንደዋለ ጠይቄ ነበር። የመጣልኝ መልስ ‹ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን› የሚል ነው። ማንን ነው የማናግረው?»

«እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔም አላውቅም» አለ ሰውየው አፍሮ። «እኔም የምጽፈው ወደዚያው አድራሻ ነው። ለኔም የሚመጣው ‹እናመሰግናለን› ነው።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ከፍርድ ቤቱ በፊት፣ ሁሉም በሥራ ክፍሉ ተሰበሰቡ። እናትየው በሩ ዘንድ ተቀመጠች። ማሙሽና የኩባንያው ሰው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሚጣን ፖሊስ በካቴና ይዟት መጣ። አለቃው የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለ ቆሟል።

«ቶሎ በይ» አላት።

«ቶሎ እላለሁ። ሟቹ ሲሞት ማጉያው ዓይኑ ላይ፣ ወረንጦው እጁ አጠገብ ነበር፤ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ ይህ ሰዓት ክንዱ ላይ ሊሆን አይችልም፤ ሚስማሩ ላይ ነበር። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ሰው ነው ያሰረለት።»

«እሺ፣ ሰው አሰረለት እንበል።»

«እንግዲያ ከጠዋት እስከ ምሳ የመታው ልብ የማን ነው? የሞተ ሰው ልብ አይመታም። ሌላ ሰው ሰዓቱን ከሚስማሩ አውርዶ የገዛ ክንዱ ላይ አስሮት ውሏል። ማሰሪያው ሁለት ቦታ ታጥፏል፤ አንደኛው ለቀጭን ክንድ፣ ሁለተኛው ለወፍራም። ሲፈታው ልቡ ‹ቆመ›። ሲመለስ ደግሞ ልጅቷን እናትሽን ጥሪ ብሎ አስወጣት፤ ማሞቂያው እንዳይቀዘቅዝ ያደረገውን ክንድ አንስቶ አሰረለት።»

ማሙሽ ሳቅ አለ። «እሷ ራሷ ልታደርገው አትችልም?»

«ልትችል ትችላለች። ግን ሰዓቱ የሚከሰው እሷን ነው። ሰው ራሱን ሊያስከስስ ይህን ያህል አይደክምም።» ወደ ኩባንያው ሰው አመለከተች። «እሳቸውም ቢሆኑ ማግኔቱን ከነክንዱ ከተከፈተው ሰዓት አጠገብ ያሳርፉት ነበር፤ ግድ አይሰጣቸውም። ይህን ያደረገ ሰው ግን አስቀድሞ የተከፈተውን ሰዓት አነሳ፣ በብርጭቆ ከደነ፣ ራቅ አድርጎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ነው የአባቱን ክንድ የዘረጋው። ለሰዓቷ ሞላ የሳሳው አስቦ አይመስለኝም። ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ያደገ እጅ ነው፤ ካቻቢቴ ቢረሳም ይህን አልረሳም።»

ማሙሽ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ።

አለቃው ቁልፉን ማንቃጨል አቆመ። «ጥሩ ብለሻል» አለ፤ ድምፁም ክፉ አልነበረም። «አምኜሻለሁ እንበል። ዳኛው ፊት ግን ያለኝ ከኩባንያው የመጣ ማረጋገጫ ነው። ማኅተም አለው። ያንቺ ደግሞ የማሰሪያ እጥፋትና ‹እጁ አልረሳም› ነው። የትኛውን ነው የማቀርበው?»

መርማሪዋም ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነው። አንድ የምትጠይቀው ሰው ነበራት፤ ያንን ሰው መጠየቅ ግን አልሆነላትም። ጫማዋን ታያለች። ፖሊሱ ሚጣን በክንዷ ያዘ፤ «እንሂድ» አላት። ሚጣ አላለቀሰችም። ወደ እናቷ ዞር ብላ «እማዬ፣ መድኃኒትሽን እንዳትረሺ» አለች።

«ምሳ ላይ ሰዓቱ ማሙሽ ክንድ ላይ ነበር» አለች እናትየው።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እሷ ግን የምታየው ወለሉን ነው።

«ሊታጠብ እጅጌውን ሲሰበስብ አየሁት። የበሳኋት ቀዳዳ ባዶዋን ነበረች። አባትየው ሰጥቶት ነው፣ ታርቀው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጥ ጨመርኩለት።»

«እማዬ» አለ ማሙሽ።

«አልጠየቁኝም ብዬ ዝም ልል ነበር፣ ልጄ። ግን እሷም የኔው ናት።»

ማሙሽ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ልብ ድካም ነው ይላሉ ብዬ ነው» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ። «ሰዓቱን ያሰርኩት ምናልባት ከጠየቁ ብዬ ነው። ሚጣን ይይዛሉ አላልኩም። ከያዟት በኋላ ደግሞ... ምን ልበል። ሱቁን ሁሉ ያቋቋምኩት በዚያ ምልክት ተስፋ ነው። ‹ስሞት እንዳሻችሁ› አለኝ። በየቀኑ ይህንኑ ይለኛል።»

የኩባንያው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። መናገር እንዳልፈለገ ያስታውቅ ነበር። «አባትዎ የሞቱ ዕለት ጠዋት የመጣሁት እቅዱ መሰረዙን ልነግራችሁ ነበር» አለ። «ኩባንያው ሐሳቡን ቀይሯል። ምልክቱን አይፈልገውም። እርስዎ በሩ ላይ ‹ነገ ይምጡ፣ ዛሬ አባቴ እሺ ይላል› ብለው መለሱኝ። ከዚያ በኋላ... ለሐዘንተኛ እንዴት ይነገራል ብዬ ቆየሁ።»

ማሙሽ ቀና ብሎ አየው። ባዕድ ቋንቋ እንደሚሰማ ሰው ብዙ አየው፤ ከዚያም አንገቱን ደፋ።

ፖሊሱ ይዞት የመጣው ካቴና አንድ ብቻ ነበር። ከሚጣ እጅ ፈታው፣ ጎንበስ ብሎም ለወንድሟ አሰረው። እናትየው ከመቀመጫዋ ተነሳችና ወደ መሃል መጣች። በአንድ በኩል ሴት ልጇ የተላላጠ አንጓዋን ይዛ ቆማለች፤ በሌላ በኩል ወንድ ልጇን ፖሊሱ ከወለሉ እያነሳው ነው። አንድ እርምጃ ወደዚህ ሄደች፤ አንድ ደግሞ ወደዚያ መለሰች፤ ከዚያ ባለችበት ቆመች።

መርማሪዋ የምትላት ነገር ፈለገች። ያገኘችው «እማማ፣ ይቀመጡ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እናትየው ግን አልተቀመጠችም።