በቆርቆሮ የታጠረው መሬት

ሮቤ ከተማ ውስጥ ታጥሮ የተቀመጠ ባዶ ቦታ ብርቅ አይደለም። ዛሬ ነገ ይገነባበታል ሲባል ሳሩ ይረዝማል፣ አጥሩ ይዘማል፤ እኛም አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን።

የአቶ በየነ ቦታ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በየነ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ቦታውን በቆርቆሮ ያጠረው ከባለቤቱ ከእኅተማርያም ጋር ቤት ሊሠሩበት ነበር። እሷ በድንገት ታማ ስታርፍ ሐሳቡ እዚያው ቆመ። በየነ አላለቀሰም። ጠዋት ተነስቶ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፤ ምን እንደበላ ቢጠይቁት ግን አያውቅም። ሰው ቆሻሻውን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሲወረውር ዝም ብሎ ያያል። ላስቲኩና አጥንቱ ተከመረ፤ ውሾችም በቆርቆሮው ስር ገብተው ወለዱበት።

ጎረቤቱ ሀዋኒ ጉልት ላይ አትክልት ትቸረችራለች። አንድ ጠዋት መጣችና በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለችው።

"ኦቦ በየነ፣ አካም ቡልተኒ?"

"ናጋ። ግቢ።"

"ያንን ቦታ ለእኛ ለሰፈሩ ሴቶች ይፍቀዱልን። አጽድተን ድንችና ጎመን እንትከልበት። ቤት መሥራት ሲፈልጉ እንለቅልዎታለን፤ ምርቱንም እንካፈላለን።"

"የከተማ ቦታ ለቤት ነው እንጂ ለጎመን አይደለም" አለ በየነ። "ጎመን መትከል ብፈልግ ገጠር አጋርፋ እቀር ነበር። ሰውስ ምን ይለኛል?"

"ሰውማ ቆሻሻውን እየደፋበት ነው። እኛ ባንይዘውም ውሻና አይጥ ይዞታል።"

"ተይው በቃ።"

ሰኔ ላይ የሀዋኒ ልጅ ፌበን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከዚያ ግቢ የወጣች ውሻ ባቷን ነከሰቻት። ውሻዋ አብዳ ሊሆን ስለሚችል ልጅቷ ጎባ ሆስፒታል ተወስዳ ክትባት ጀመረች። በየነም አብሮ ሄደ፤ መቅረቱ ነውር ስለሆነበት እንጂ አንጀቱ ተላውሶ አይደለም። ፌበን መርፌውን አይታ እናቷ ላይ ተጠምጥማ ስትጮኽ፣ እሱ በመስኮት ውጭውን ያይ ነበር።

ሲመለሱ ሀዋኒ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችውም። ሮቤ ሲደርሱ እሱ ራሱ አፉን ከፈተ።

"ሀዋኒ፣ ልጅሽ ስታለቅስ ምንም አልተሰማኝም። ምን ሆኜ ነው?"

"እሱን አላውቅም" አለች ሀዋኒ። "ቦታውን ግን ይክፈቱልን።"

በማግስቱ ከፈተላቸው። ሴቶቹ ቆሻሻውን በጋሪ አወጡ፣ ጠርሙስ ስብርባሪውን ለቀሙ፣ ፍግ አመላለሱ። ነሐሴ ላይ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ተከሉ። በየነ አካፋ ይዞ አብሯቸው ይቆፍር ነበር፤ ቆፍር ቢሉት ይቆፍራል፣ እረፍ ቢሉት ያርፋል። ጎመኑ ሲደርስ ሰፈሩ ከደጁ ትኩስ ጎመን ገዛ፣ የሌላቸውም በነፃ ወሰዱ። ያንን መሬት ለዓመታት ለውሻ ትተነው እንደነበር ማንም ለማመን አልፈለገም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ነፋሱ ጸጥ አለ፤ ሰማዩ አንድም ደመና አልነበረበትም። በየነ ድንቹ መሃል ቆሞ ነበር። አየሩን አወቀው፤ ውርጭ ሊጥል ነው። ልቡ ደረቱን ሲመታው ተሰማው። ፈርቶ ነበር። ሮጦ የሀዋኒን በር ደበደበ።

"ውርጭ ሊመታን ነው! ጭድም ጆንያም፣ ያላችሁን አምጡ!"

ሰፈሩ ወጣ። ለዓይን እስኪይዝ ድረስ ድንቹን አለበሱት። ጭዱ ግን አልበቃም፤ ዳር ያለው መደብ ሳይሸፈን ቀረ።

ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ጭዱን ሲያነሱት ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ዳር ያለው መደብ ግን እሳት እንደነካው ጠቁሮ ተኝቷል። በየነ አጠገቡ ተቀመጠና አለቀሰ።

ፌበን መጥታ አጎነበሰች።

"አባባ፣ ለድንች ነው የሚያለቅሱት?"

"ለድንቹም" አላት።