መብራት ሲመለስ የተከፈተው ገጽ

ኤቬሊዮ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ራሱ ከጆሮው በላይ ተደጋግሞ ተመትቶ ተፈንክቷል፤ ደሙ የሬዲዮ ዕቃ የታጨቀበትን ካርቶን አርሶ እስከ በሩ ወርዷል። አንድ የቧንቧ መፍቻ ፀጉር እንደተጣበቀበት አጠገቡ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ግን አሮጌው ኮምፒውተር ምንም እንዳልተፈጠረ ያጉረመርማል።

ሻምበል ሚግዳልያ ሶቶሎንጎ ስትደርስ ሰፈራችን ፈርዶም ቀጥቶም ጨርሶ ነበር። ሬሳውን ያገኘው ሊዮቪ ነው፤ የሟቹ የዕድሜ ልክ ጓደኛና የዶሚኖ ባላንጣ። ሸሚዙ በደም ተጨማልቆ እየጮኸ ሲወጣ ጎረምሶቹ ደረጃው ላይ ጠብቀው በቡጢና በእርግጫ አነጠፉት። ሻምበሏ ባትደርስ ኖሮ በገመድ ሊያንጠለጥሉት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሊዮቪ ዶሚኖ ላይ ኤቬሊዮን «አንቄ ነው የምገድልህ» ሲለው መንገዱ በሙሉ ሰምቶታል። እዚህ ኩባ፣ ማታንሳስ ውስጥ ዶሚኖ ላይ እንዲህ ያልተባለ ሰው የለም፤ ደም ሲታይ ግን ይህን ማን ያስታውሳል?

ሊዮቪን ይበልጥ ያጠመደው የሟቹ ገጽ ነው። ጡረተኛው ኤቬሊዮ በዚያ ኮምፒውተር የራሱን ዊኪ፣ እንደ መዝገብ ያለ ድረ ገጽ፣ ያስተዳድር ነበር። የሬዲዮ ጥገናውን፣ የባቄላ ወጡን አሠራር፣ የየቤቱን ሽማግሌ ታሪክ እየጻፈና ገጽን ከገጽ እያያያዘ ያኖራል። እኛም ከጣሪያ ጣሪያ በዘረጋነው የኔትወርክ ገመድ በየስልካችን እናነበዋለን። መብራት ሲጠፋ ገጹም ይጠፋል፤ ሲመለስ ኤቬሊዮ በገዛ እጁ ያስነሳዋል። ያን ዕለት ማምሻውን መብራት መጣ፤ ገጹም ተከፈተ። ሰውየው እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ የገባ ደግሞ ሊዮቪ ብቻ ነው። ይህ ነገር ካልፈረሰ ሊዮቪ ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል።

ሻምበሏ መጀመሪያ የጠራችው የሟቹን የእህት ልጅ፣ አብሮት የሚኖረውን ስልክ ጠጋኙን ዮአንድሪን ነው። ዐይኑ አብጧል፤ ሲያለቅስ ቆይቷል።

«መብራት ሲመጣ የት ነበርክ?»

«ዳቦ ሰልፍ ላይ። ሰልፈኛውን በሙሉ ይጠይቁ። እንዲያውም ገጹን ከፍቼ ‹ይኸው አጎቴ አስነሳው› ብዬ አሳይቻቸዋለሁ።»

«ሁልጊዜ ታነበዋለህ?»

«የአጎቴ አይደል እንዴ፣ ሻምበል? እንዴት አላነብም?»

ፎቅ ላይ የምትኖረው ባሏ የሞተባት ኔሬይዳ ግን ይህን ስትሰማ በንዴት ሳቀች። ልጁ ዊኪውን «የሽማግሌ ቅዠት» እያለ ሲያላግጥ እንጂ ሲያነብ አይታው አታውቅም። እሷና ኤቬሊዮ ሊጋቡ እንደነበረም ሳትደብቅ ተናገረች። ኤቬሊዮ ዮአንድሪን ሌላ ቤት ፈልጎ እንዲወጣ ነግሮት ነበር።

«ገጹ የተከፈተው መብራት ከመጣ ስንት ቆይቶ ነው?» አለቻት ሻምበሏ።

«ምን ቆየ፣ ወዲያው ነው እንጂ። አምፖሉ እንኳ ገና ይርገበገብ ነበር።»

ሻምበሏ ወደ ኤቬሊዮ ኩሽና ገባች። የፍሪጁ ሶኬት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ውስጡ ያለው ዓሣ በቀለጠ በረዶ ውስጥ ዋኝቶ ሸትቷል። የቬንትሌተሩም ሶኬት ተነቅሏል። በቤቱ ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰካው የኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሊዮቪ እጁ በካቴና ታስሮ፣ አፉ አብጦ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጎረምሶቹ በሩን ሞልተው ቆመዋል።

«መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጀመረች።

«ሶኬት እንነቅላለን» አለች ኔሬይዳ። «ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ ዕቃ ያቃጥላል። አምፖሉ እስኪረጋ ጠብቀን ነው የምንሰካው።»

«ኤቬሊዮም ነቅሏል። ገጹ ግን አምፖሉ ሳይረጋ ተከፈተ። መብራት ሲመጣ በሕይወት ቢኖር ዓሣው ከመበላሸቱ በፊት ፍሪጁን ይሰካ ነበር። አልሰካም፤ ምክንያቱም በጨለማው ተገድሏል። ኮምፒውተሩን መልሶ የሰካው ገዳዩ ነው።»

«ቢሰካስ?» አለ ዮአንድሪ። «ገጹን ያለ ሰው እጅ ማን ይከፍተዋል?»

ሻምበሏ አብሯት ወደ መጣው ሃምሳ አለቃ ዞራ ቆጣሪው ላይ መብራቱን እንዲያጠፋ አዘዘችው። ኮምፒውተሩ ጠፋ። ከዚያ መልሶ አበራው። ማንም ሳይነካው ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ጥቂት ቆይቶ በሩ ላይ የቆሙት ጎረምሶች ስልካቸውን አይተው አንገታቸውን ደፉ። የኤቬሊዮ ገጽ ተከፍቷል።

«መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንዲበራ፣ ዊኪውም አብሮ እንዲነሳ ታዟል። ትእዛዙ የተጻፈው ትናንት ከሰዓት በኋላ መሆኑን ኮምፒውተሩ ራሱ መዝግቦታል። ኤቬሊዮና ሊዮቪ በዚያ ሰዓት ዶሚኖ ላይ ሲሰዳደቡ መንገዱ ሁሉ አይቷቸዋል። ኔሬይዳ ክሊኒክ አንሶላ ስታጥብ ነበር። መብራት መቼ እንደሚጠፋ በሬዲዮ ተነግሯል። እዚህ ቤት የቀረኸው አንተ ነህ፣ ዮአንድሪ። ጨለማውን ጠብቀህ ገደልከው፤ ኮምፒውተሩን ሰክተህ ዳቦ ሰልፍ ሄድክ። አንብበኸው የማታውቀውን ገጽ ለሰው ሁሉ አሳየህ።»

ዮአንድሪ ከጠረጴዛው ላይ መሮ ነጥቆ ሻምበሏን አልፎ ወደ ኔሬይዳ ተወረወረ። መሮው ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ ተረተረው። ሃምሳ አለቃው ከኋላ አንቆ ፊቱን ከግድግዳው ጋር አላተመው፤ አፍንጫው ተሰብሮ ደሙ ሲንዠቀዠቅም ስድቡን አላቆመም።

«የእናቴ ቤት ነው!» ይል ነበር። «እዚህ ነው የተወለድኩት! በሷ ምክንያት ውጣ አለኝ!»

እየጎተቱ አወጡት። ኔሬይዳ ክንዷን በቀሚሷ ጠቅልላ መሬት ላይ ተቀመጠችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ሻምበሏ የሊዮቪን ካቴና ፈታች። ሽማግሌው እየተንገዳገደ ወደ በሩ ሄደ። ትናንት በእርግጫ የደበደቡት ጎረምሶች ፊት ለፊቱ ቆመዋል፤ አንዱ ይቅርታ ሊለው አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አለው ሊዮቪ። «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት ነው፣ አባት።»

«ሬሳውን ከፊት የምሸከመው እኔ ነኝ። ከናንተ አንዱ ሣጥኑን በእጁ ቢነካ እዚያው መቃብሩ ላይ እገድለዋለሁ።»

እንደ ዶሚኖው ዛቻ አልነበረም። መንገድ ለቀቁለት።