ሦስት ሠዓሊዎች፣ አንድ እጅ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው። በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ?

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች።

እኔ የሥዕል ፍሬም ሠሪ ነኝ። አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ሥዕል አልተማርኩም። የሠዓሊን እጅ ግን እለያለሁ፤ እናት የልጇን ኮቴ እንደምትለይ።

ያን ቀን ፍሬም እንዳበጅላቸው አምስት ሥዕሎች ተልከውልኛል። የላከቻቸው የሥዕል አዳራሹ ኃላፊ ናት።

"የሦስት ሠዓሊዎች ናቸው። ሦስቱም ዕቃ ነው የሚሥሉት፤ ሎሚ፣ ብርጭቆ፣ ማሰሮ። ሰው ጎን ለጎን አይቶ አሣሣላቸውን ያወዳድር" ብላኛለች።

ሦስቱም የሠሩት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከእኔ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ። አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ።

መጀመሪያ የተከራየው መነጽሮ የምንለው ሰው ነው። የሎሚውን ቆዳ ነጠብጣብ ሳይቀር አንድ በአንድ ይሥላል። የብሩሽ ዱካ ፈልገህ አታገኝም። አንድ ቀን ጠፋ። ዘመድ ጋ ሄደ ተባለ።

ቀጥሎ ልስኑ የምንለው ገባ። እሱ በቢላ ነው የሚሥለው፤ ቀለሙን እንደ ግድግዳ ይለስነዋል። ሎሚው ከሸራው ወጥቶ ሊንከባለል ይደርሳል።

እሱም ጠፋ።

ሦስተኛዋ ሠዓሊ የገዛ ልጄ ናት።

የእሷ ሌላ ነው። ብርጭቆውን ግማሹን ትሥልና ግማሹን ትተወዋለች።

"ቀለም አለቀብሽ እንዴ?" እላታለሁ።

"የቀረውን ዓይንህ ይጨርሰው፣ አባዬ። ሁሉን እኔ ላጉርስህ?" ትለኛለች።

ከተላኩልኝ አምስቱ ውስጥ ከሦስቱም አንድ አንድ የቀድሞ ሥዕል ነበረ። ደረደርኳቸው። ሦስት የተለያዩ ሰዎች። ልክ ነው።

ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን፣ የመነጽሮንና የልስኑን የመጨረሻ ሥዕሎች፣ ጎን ለጎን አቆምኩ።

ወደ ብርሃን አስጠጋኋቸው...

የአንድ ሰው እጅ ነው።

ጠረጴዛውና ግድግዳው መመሳሰሉ አይደንቅም፤ ክፍሉ አንድ ነው። አሣሣሉ ግን የመነጽሮም አይደለም፣ የልስኑም አይደለም። ደግሞ ፍሬም ለሚሸፍነው ጠርዝ የሚጨነቅ ሠዓሊ አላውቅም፤ እንደነገሩ ያልፉታል። እነዚህ ሁለቱ ግን እስከ ጠርዙ፣ ከጠርዙም ዞረው እስከ ሸራው ጀርባ ተሥለዋል።

ለኃላፊዋ ደወልኩ።

"የአንድ ሰው ሥዕል ነው የላክሽልኝ።"

"አባባ፣ ፊርማውን አይዩም?" ሳቀች። "ለሰው ፍሬም ከሚሠሩ ለራስዎ መነጽር ቢያሠሩ ይሻላል።"

ፊርማውን አየሁ። የየራሳቸው ነው።

የመነጽሮ ሥዕል ላይ አንድ ዕቃ ብቻ አለ። የራሱ መነጽር።

የልስኑ ላይ ሁለት አሉ። የመነጽሮ መነጽር... እና የልስኑ ቢላ።

ልጄ የመጨረሻ ሥዕሏን ያን ቀን እላይ ክፍሉ ውስጥ ልትጨርስ ተቃርባ ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

"ልጄ።"

"እሽሽ... ቀስ በል፣ አባዬ።"

"ምን ሆነሻል?"

"ሊጨርስ ነው።"

"ማን?"



ሸራውን አየሁ። መነጽር። ቢላ። ከጎናቸው የመዳፍ ያህል ባዶ ቦታ።

እውነተኛው ጠረጴዛ ላይ ግን መነጽርም ቢላም አልነበረም። የነበረው የልጄ የፀጉር መያዣ ብቻ ነው። ዓይኗ ከእሱ ላይ አይነቀልም። ሸራውን አታየውም።

እጇ ግን ይሥላል።

"ነይ እንውረድ" አልኳት።

"እጄን ይዞታል" አለች በሹክሹክታ። "ቦታው ካልሞላ አይለቀኝም።"

ክንዷን ይዤ ጎተትኩ። ድንጋይ መጎተት ነው። ባዶው ቦታ ላይ የመጀመሪያዋ መስመር ስትሰመር አየሁ...

እናቷ ስትሞት አደራ ያለችኝ እሷን ብቻ ነው።

የፀጉር መያዣውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ በቦታው አስቀመጥኩ።

"እሷን ተዋት። እኔ አለሁልህ" አልኩ።

ለማን እንደተናገርኩ አላውቅም።

ብሩሹ ከእጇ ወደቀ።

ደግፌ አወረድኳት። በሩን ቆለፍኩ። ሌላ ቁልፍ የለም፤ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ልጄ ደህና ናት። ቤት ውስጥ ትሥላለች፤ እንደ ድሮዋ ግማሹን እየተወች። ያን ቀን አታስታውሰውም።

"ባርኔጣህስ?" ትለኛለች።

"ጠፋኝ።"

"አንተን ራስህን አለመጣልህ" ትልና ትስቃለች።

እኔ ግን በየቀኑ ወጥቼ አያለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የባርኔጣዬ ክፈፍ ተሥሎ አገኘሁት። በሦስተኛው ቀን ስፌቱ። በሳምንቱ የላቤ እድፍ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። በሩ እንደቆለፍኩት ነው።

ትናንት ወጣሁ።

ሥዕሉ አልቋል። እስከ ጠርዙ። ዞሮ እስከ ጀርባው።

ጠረጴዛው ላይ ግን ባርኔጣዬ የለም።

ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ብዬ የተሣለውን በጣቴ ነካሁት...

ይሞቃል።

አሁን ከራስ ላይ እንደወለቀ ባርኔጣ።