የትንሿ ካሜራ ክዳን

«ይቺ ካሜራ ታማለች!» አለ ጀነራል፣ የታጠበውን ፊልም ኔጋቲቭ ወደ ፎቶ ቤቱ መስኮት ብርሃን ከፍ አድርጎ። «ስድስቱ ፎቶ ባዶ! በቃ፣ ትልቁን ይዘን እንሂድ።»

ሚዛን ፊልሙን ከእጁ ተቀብላ ጠርዝና ጠርዙን ይዛ ማየት ጀመረች። ስሟ ሌላ ነው፤ እስክሪብቶ ለመግዛት እንኳ ሱቅ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ስለምትቆም ግን ክፍሉ በሙሉ «ሚዛን» ይላታል። ጀነራልም ጀነራል የተባለው ሲናገር ስለሚያዝ፣ ሲያዝም ስለሚጮህ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ነገሩ የተጀመረው በግድግዳ ነው። አዲሱ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንዱ ግድግዳ ባዶ ስለነበር፣ ርዕሰ መምህሯ የፎቶ ክበቡን ጠርተው «ከከተማው በስተጀርባ ያለውን ሸንተረር አንሱልንና በበር ቁመት እናሳትመዋለን» አሉ። ልጆቹ በስልክ አንስተው ቢያሳድጉት ዛፎቹ የፈሰሰ ሩዝ መሰሉ። ለእንዲህ ያለው ግድግዳ ሰፊ ፊልም የሚጎርስ ካሜራ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ካሜራ ያላቸው ደግሞ የፎቶ ቤቷ ባለቤት እትዬ ብቻ ናቸው።

እትዬ በፊልም መሥራት ስላቆሙ፣ ካሏቸው ሁለት ካሜራዎች አንዱን ለክበቡ ሊሰጡ ቃል ገቡ። «ሌላውን፣ ካሜራ ጠጋኙ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ይወስደዋል» አሏቸው። «ጤነኛ ከሆነ ወልውሎ ለሚሠራበት ሰው ይሰጠዋል። ታሟል ከተባለ ግን ለመሞከር ትዕግሥት የለውም፤ ቀጥታ ፈታቶ መለዋወጫ ያደርገዋል። አስባችሁ ምረጡ።»

ማን ይምረጥ በሚለው ክበቡ ሊጣላ ደርሶ ነበር። ያኔ ዴስክ ላይ ወጥቶ «ሚዛን ትምረጥ! እሷ የመረጠችው ማንንም አይቆጨውም!» ያለው ጀነራል ነው። ሁሉም ሳቁ፣ ግን እጃቸውን አወጡ። ያን ቀን ሚዛን ወደ ቤቷ ስትሄድ ቁመቷ አንድ ጣት የጨመረ መስሏት ነበር።

ትልቁ ካሜራ ጥቁር ሳጥን ነው፤ እንደ ጡብ ይከብዳል። አንሺው ከላይ አጎንብሶ በመስታወቱ ላይ የሚያየው፣ በራሱ በሌንሱ በኩል የገባውን ነው። ትንሿ ጠፍጣፋ ናት፤ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ዳገት ትወጣለች። እሷ ላይ ግን የሚታየው በሌንሷ ሳይሆን ጥግ ላይ ባለች ጠባብ መስኮት ነው። ለሙከራ ሁለቱንም ይዘው ሸንተረሩ ፊት ለፊት ያለው ኮረብታ ላይ ወጡ። በየካሜራው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጀነራል፣ የቀሩትን ስድስት ሚዛን ሊያነሱ ተስማሙ።

ጀነራል በትልቁ ላይ አጎንብሶ «እንዴ! መሸ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። የሌንሱን ክዳን ማንሳት ረስቶ ነበር። ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። በትንሿ ሲያነሳ ግን አልጮኸም፤ በመስኮቷ ሸንተረሩ ወለል ብሎ ይታየው ነበርና።

አሁን ሚዛን ኔጋቲቩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። የመጀመሪያዎቹ ስድስት እንደታጠበ መስኮት ጥርት ያሉ ናቸው፤ ምንም ብርሃን አልነካቸውም። ጠርዙ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን ጎልተው ወጥተዋል፤ ስለዚህ እጥበቱ ላይ ችግር የለም። ከሰባተኛው ጀምሮ ያሉት የእሷ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ በመርፌ የተጫረ ይመስላል። በድንገት ታሞ በድንገት የሚድን ካሜራ?

እጇን ጃኬቷ ኪስ ከተተች። ጣቷ ክብ ነገር ነካ። ጀነራል ትንሿን ሲያቀብላት ሌንሷ ተከድኖ ነበር። ለጥንቃቄ የከደነላት መስሏት ክዳኑን አንስታ ኪሷ ከታው ነበር።

ቀና ብላ አየችው። ጆሮዎቹ ደም መስለዋል።

«አንተ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ክዳኑ።»

«የምን ክዳን?»

አውጥታ አሳየችው። ጀነራል ወደ መጋረጃው ዞረ። ከመጋረጃው ጀርባ እትዬ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣን ሰውዬ «አገጭዎን ዝቅ፣ አዎ፣ እንደሱ» እያሉ ያስተካክላሉ። የክበቡ ልጆች ከውጭ በሩ ላይ ይጋፋሉ።

«በናትሽ ሚዛንዬ» አለ፣ ድምፁ ከጀነራልነት ወደ ተራ ወታደርነት ወርዶ። «በትልቁ ስረሳ የሳቁትን አይተሻል። አሁንም እንደደገምኩት ካወቁ እስክመረቅ አይለቁኝም። በቃ ታማለች እንበል። ደግሞስ ትልቁ ምን ይጎድለዋል? ለትልቅ ግድግዳ ትልቅ ካሜራ!»

«የሁለቱም ፊልም እኩል ነው፣ ለክቼዋለሁ። በትልቁ ሲነሳ ውስጡ ያለው መስታወት ጧ ብሎ ያናውጠዋል። ይኸው፣ በማለዳው ብርሃን ያነሳነው ላይ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ተድበስብሷል። የትንሿን እይ፤ ቅጠል ትቆጥራለህ።»

«እሺ ጎበዝ ናት። ታማለች ብንል ማን ያውቅብናል?»

«ጠጋኙ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል፤ ታማለች ካልናት ዛሬውኑ ትፈታታለች።»

ጀነራል ጫማውን አየ። «እኔ እኮ ነኝ ያስመረጥኩሽ» አለ ቀስ ብሎ።

ይኼኛው ቃል ሄዶ ደረቷ ላይ አረፈ። እውነቱን ነው። ሌሎቹ ለሚስቁባት ለእሷ ብሎ ዴስክ ላይ የወጣው እሱ ነው። ክዳኑን በጣቶቿ መካከል አገላበጠችው። ውሸቱን ልትሸከምለት አልቻለችም፤ እሱንም በር ላይ ላሉት አሳልፋ ልትሰጥ አልፈለገችም።

«ያስመረጥከኝ አምነህብኝ ነው?»

«ታዲያስ!»

«እንግዲያው አሁንም እመነኝ።»

በሩ ተበረገደ። ከፊት የገባችው ሬዲዮ ናት፤ የሰማችውን ሁሉ ሳታሰራጭ የማታድር ልጅ። «እሺ ሚዛን፣ ዘንድሮ ነው ወይስ ለከርሞ?» አለች። እትዬም ደንበኛቸውን ሸኝተው ከመጋረጃው ወጡ።

ሚዛን ቀጥ ብላ ቆመች። «ትንሿን መርጫለሁ።»

«እንዴ! ባዶ አወጣች እየተባለ?»

«ጤነኛ ናት።» እርግጠኝነቷ ራሷንም ገረማት። ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ ቁጥሮቹን፣ ባዶዎቹን፣ ቅርንጫፎቹን በተራ አሳየቻቸው። «ስድስቱ የተነሱት ክዳኑ ሳይነሳ ነው። በመስኮቷ ስለምናይ መከደኗ አይታወቅም። ነገ እኔም ልረሳው እችላለሁ።»

እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እስከዛሬ ያላዩዋት ይመስል አዩዋት።

«ማነው የረሳው?» አለች ሬዲዮ፣ ስርጭት ለመጀመር አንገቷን አስግጋ።

ሚዛን ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ በዚች ካሜራ የምንሠራው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ክዳን ይይዛል። ክዳን ያዡ ክዳኑን በእጁ ሳያሳይ ማንም መጫኛውን አይጫንም። ማን ይይዛል?»

ጀነራል ክዳኑን አየ፤ ሚዛንን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ» አለ። «በዚህ ሥራ ልምድ አለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እትዬ ሳይቀሩ ጠረጴዛውን ተደግፈው ሳቁ። ጀነራል መጀመሪያ ኮስተር ለማለት ሞከረ፤ ኋላ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእሱ ሳቅ ሆነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ክበቡ ኮረብታው ላይ ነበር። ትንሿ ካሜራ መቆሚያዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ሚዛን፣ ከጎኗ ጀነራል።

«ክዳን?» አለች።

«እጄ ላይ ነው፣ አለቃ!» ክዳኑን ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው።

ብርሃኑ ሸንተረሩን ከግራ በኩል እየላሰ ይመጣል። ቀኙን ግን አንዲት ቁራጭ ደመና ሸፍናዋለች።

«አንሺው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ሬዲዮ።

«ተያት» አለ ጀነራል፣ እጁን ሳያወርድ። «እየመዘነች ነው።»

ሚዛን ጣቷን ከመጫኛው ላይ አነሳች። «ደመናዋ ትለፍ» አለች።

ሁሉም ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ።