መብራቱ ያልጠፋው ፊሽካ

«ኮምፒዩተሩ ‹አላውቅህም› ብሎት ነው የሞተው።»

የሟቹ ታላቅ እህት እቴቴ ይህን ወደ ቤቱ ለገባው ሁሉ ትናገራለች። ለጎረቤቱ፣ ሞቱን ላረጋገጠው ሐኪም፣ አስከሬኑን ሊያነሱ ለመጡት ሰዎች፤ ማንም ከሌለ ደግሞ ለግድግዳው። ወሬው ከደጃፉ ወጥቶ መንገዱ ጥግ ካለው ሱቅ እስኪደርስ እጅና እግር አወጣ። «ኮምፒዩተር ከመሬት ተነስቶ አላውቅህም አይልም፤ ያበላሸው ሰው አለ» ተባለ። ከሱቁ ተመልሶ ሲመጣ የአበላሹ ስም ሳይቀር ተለጥፎበት ነበር፤ «ባንዲራው» የሚባለው የሟቹ አስታማሚ።

መርማሪዋ የተጠራችው በዚህ ምክንያት ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ገለባን ከፍሬ ስለምትለይ ነው የሚሉ አሉ፤ ከአፏ የሚቀር ነገር ስለሌለ ነው የሚሉም አሉ። እሷ ሁለቱንም እንደ ምስጋና ትቀበላለች።

ሟቹን ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል። ዕድሜውን ኳስ ሜዳ ላይ ፊሽካ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ከዓይኑ ሌላ ከሰውነቱ የሚታዘዝለት የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ነበር። ለዚያች ጣት የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ቁልፍ ተገዛላት። ቁልፉ በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል፤ ስክሪኑ ላይ ቃላትና ፊደላት በየተራ ይበራሉ፤ የፈለገው ላይ ሲደርስ ጠቅ ያደርጋል፤ ኮምፒዩተሩም ጮክ ብሎ ያነብለታል። «ውሃ»፣ «ሬዲዮውን ዝጉት»፣ «አንገቴን»። ቤተሰቡ ቁልፉን «ፊሽካ» አለው። ከቃላቱ መካከል «ቀይ ካርድ» የሚልም ነበር፤ ወሬ ያስረዘመ ጠያቂ በሱ ይሰናበታል።

«አንገቴን» ግን ቀልድ አልነበረም። አንገቱ ራሱን መሸከም አይችልም፤ ወደ ፊት ከወደቀ ትንፋሹ ይዘጋል፤ ሰው ደርሶ ማቅናት አለበት። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንገቱ ወደቀ። የደረሰለት ሰው አልነበረም።

ወንፊት ባዶው ተሽከርካሪ ወንበር አጠገብ ቁጢጥ አለች። የፊሽካው አረንጓዴ መብራት በርቷል። ስክሪኑን እያየች ቆየችና ጠቅ አደረገችው።

«ውሃ» አለ ኮምፒዩተሩ።

በሩ ላይ የቆመችው የዳኛው ባለቤት ግድግዳውን ያዘች። «ትናንት እምቢ ብሎ ነበር» አለች። «መብራቱ እንዲሁ በርቶ፣ እሱ እየጠቀጠቀ፣ ዝም።»

«ዛሬስ ማን አስታረቃቸው?»

«የነካው የለም።»

«ሳይነኩት የሚድን ዕቃ ቢኖርማ የቢሮዬ ፕሪንተር እስካሁን በዳነ ነበር» አለች ወንፊት። ገመዱን በጣቷ ተከተለችው። ጥቁር ነው፤ ከጫፉ አጠገብ ቢጫ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። የፕላስተሩ ጠርዝ ትንሽ ተነስቶ አረንጓዴ ብናኝ ይዟል። አየችውና ወደ ባለቤቲቱ ዞረች።

«ትናንት እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ፣ እህቱ እቴቴ፣ ባንዲራው። ሐኪሟም መጥታ ነበር፤ የመንከባከቢያ ማዕከሉ።» ባለቤቲቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እንዲወስዱልኝ የለመንኩት እኔ ነኝ። የፈለጉትን ይበሉኝ። ወገቤ አልቋል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ማዕከሉ ደግሞ ‹ራሱ እሺ ካላለ አንቀበልም› አለ። ትናንት ሊጠይቁት መጡ፤ ፊሽካው ዘጋ። ሐኪሟ ‹ሌላ ቀን እመለሳለሁ› ብላ ወጣች። እስከ መኪናዋ ሸኝቻት እዚያው አለቀስኩባት። ስመለስ ባንዲራውን በር ላይ አገኘሁት። አብረን ገባን። አንገቱ…»

«ከዚያስ?» አለች ወንፊት።

«ከዚያ ሁለታችን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መኪና ፍለጋ ወጣን። እቴቴ አቅፋው ቀረች።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ባንዲራው ነው። ሌላ ማን ይሆናል? ዳኛው ከሄደ እሱ እዚህ ቤት ምን ሥራ አለው? መኝታውም ጉርሱም እዚህ ነው።»

ባንዲራው ከጓሮ በኩል ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው። ዳኛው ሜዳው መሀል ሲሮጥ እሱ ባንዲራ ይዞ መስመሩን ሲጠብቅ አርጅቷል። ጓደኛው ሲወድቅ ሊያስታምመው መጥቶ በዚያው ቀረ።

«ትናንት የት ሄዱ?» አለችው።

«ጥገና ቤት። ባለሙያው ዘግቷል። ሌላ ጋ ሮጥኩ፤ እዚያም የለም። ስመለስ ጋሼ…» እጁን አወናጨፈና ተወው።

«ፊሽካው ከዚህ በፊት እምቢ ብሎ ያውቃል?»

«ሁለቴ። መጀመሪያ ገመዱ ውስጥ ውስጡን ተበጣጥሶ ነው። ያኔ ኮምፒዩተሩ ‹የተሰካው መሣሪያ አልታወቀም› የሚል ጽሑፍ አወጣ። እቴቴ ‹ወንድሜን አላውቅህም አለው› ብለው አለቀሱ። አዲስ ገመድ ተገዛ። ሁለተኛው የኔው ነው። ክፍሉን ሳጸዳ ገመዶች ተምታቱብኝና የእጅ ባትሪ ቻርጅ ማድረጊያውን ሰካሁለት። ቀለማቸውም ጫፋቸውም አንድ ነው። መብራቱ ቦግ አለ፤ ድምፅ ግን የለም። ባለሙያው ሳቀብን። ‹ይሄ ገመድ ምግብ እንጂ ወሬ አያደርስም› አለ።»

«ኃይል ይሰጣል፤ ጠቅታውን ግን ለኮምፒዩተሩ አያቀብልም።»

«እሱን ነው። ሁላችንም ቆመን ሰማን። ዳግመኛ እንዳልሳሳት ትክክለኛው ላይ ቢጫ ፕላስተር ጠመጠምኩ። የመስመር ዳኛ ባንዲራ ቢጫ አይደል? ጋሼ እስኪያነባ ሳቀ።» እሱ ግን አልሳቀም።

«ትናንት ፕላስተሩን አዩት?»

«መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። በቦታው ነበር። እሱን ባላይማ ገመዱን ቀይሬ እገላገል ነበር፤ ምን ያስሮጠኛል?»

ወንፊት ለማዕከሉ ሐኪም ስልክ ደወለች።

«ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር?»

«ከቃላቱ በቀር ምንም» አለች ሐኪሟ። «‹አልታወቀም› ምናምን የሚል አልነበረም። ዓይኔን አልነቀልኩም እኮ። እሱ ግን ስክሪኑን አላየም።»

«ምን ነበር የሚያየው?»

«በሩን። እህቱ የቆመችበትን።»

የእቴቴ ክፍል ከዳኛው ክፍል የሚለየው በስስ ግድግዳ ነው። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ወፍራም አረንጓዴ ክር፣ ግማሽ ላይ የደረሰ።

«ልጄ» አለቻት ቀና ሳትል፣ «ኮምፒዩተሩ አላውቅህም ብሎት ነው የሞተው።»

«ጽሑፉን አይተውታል?»

«እንዴታ። በዓይኔ በብረቱ።»

«ምንድን ነው የሚሠሩት?»

«የአንገቱ ነው። ዙሪያውን ደገፍ እንዲያደርግለት። ገበያ ላይ ያለው ይኮሰኩሰዋል።» መርፌዎቹ አላቆሙም። «እናታችን ስትሞት ጀርባዬ ላይ ነበር። ሲንቀሳቀስ እግሩ ጎኔን ይመታኝ ነበር። ኳስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ እያልኩ እቀልድበታለሁ።»

ከራስጌዋ የእጅ ባትሪ ተቀምጧል፤ ገመዱ እንደተሰካበት ነው። ወንፊት ብርሃኑን የምትሞክር መስላ አነሳችው። ከገመዱ ጫፍ አጠገብ አውራ ጣቷ ያዝ፣ ለቀቅ አለ። ማስቲሽ ነው። ባትሪውን ቀስ ብላ መለሰችው። ደስ አላላትም። ሌላ ጊዜ እንቆቅልሽ ሲፈታላት እንደ ልጅ የሚያደርጋት ነገር አለ፤ ዛሬ ግን ያ ስሜት ከደጅ ቀረ።

በኋላ ሦስቱንም ዳኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። እቴቴ ሹራቧን ይዛ መጣች። ባንዲራው በሩ አጠገብ ቆመ፤ የባለቤቲቱን ዓይን ይሸሻል።

«ዕቃ ሲያምጽ» አለች ወንፊት፣ «ኮምፒዩተሩን ከመርገም በፊት መንገዱን መፈተሽ ነው። ፊሽካው ዛሬ ይሠራል። ኮምፒዩተሩም ይሠራል። ስለዚህ ትናንት የታመመው በመካከላቸው ያለው ነው።» ባለ ቢጫ ፕላስተሩን ገመድ ነቀለች፤ በቦታው ከእቴቴ ክፍል ያመጣችውን የባትሪ ገመድ ሰካች። አረንጓዴው መብራት ቦግ አለ። ፊሽካውን ጠቅ አደረገች። ደገመች። ሰለሰች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጠቅታው ብቻ ነው።

ባለቤቲቱ አፏን ያዘች። «ልክ እንዲህ ነበር።»

«ስክሪኑን እዩት። ጽሑፍ አለ? የለም። ሰው ‹አላውቅህም› የሚለው ቢያንስ በሩ ሲንኳኳ ሰምቶ ነው። የተበጣጠሰው ገመድ አንኳኩቶ ነበር፤ ይሄኛው ጨርሶ አያንኳኳም። ሐኪሟም ጽሑፍ አላየችም። ትናንት ‹አላውቅህም› ያለ ኮምፒዩተር አልነበረም። ገመዱ ተቀይሮ ነበር።»

«ተሳስቶ ይሆናላ፤ እንደዚያን ቀን» አለች ባለቤቲቱ፣ ባንዲራውን እያየች።

«ስህተት ፕላስተር አይነቅልም። ቢጫው ትናንት በዚህኛው ላይ ነበር፤ ማስቲሹ አሁንም ይይዛል። የቀየረው ሰው ባንዲራው መጀመሪያ የሚያየው ቢጫውን እንደሆነ ያውቃል።» ወደ ባለቤቲቱ ዞረች። «እርስዎ ከማንም ይልቅ እንዲናገር ይፈልጉ ነበር። ዳኛው ዝም ቢል ባንዲራው ይጠቀም ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቤት ያቃጠለ ሰው ውሃ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር አይሮጥም። ደግሞም ገመዱ ወደ ቦታው ተመልሷል። ዳኛው ከሞተ በኋላ ሁለታችሁ መኪና ፍለጋ ስትወጡ፣ እዚህ የቀረው አንድ ሰው ነው።» የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍሯ ገለጠችው። «ፕላስተር ሁለቴ ሲነቀል የነቃዩን እጅ ይዞ ይቀራል። አረንጓዴ ክር።»

የእቴቴ መርፌዎች ቆሙ።

«ለትንሽ ነበር» አለች፣ ወደ ባዶው ወንበር እያየች። «ሐኪሟ እስክትሄድ። ከጠየቁት ‹እሺ› ይላላ። ለኛ ብሎ ይላል። ከሰው ጫንቃ ልውረድ የሚል ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ከወጣ ደግሞ አልመለስም ይላል። ስቀይረው አየኝ። ዓይኑን አልነቀለልኝም።»

«እንደሄደች ለምን አልመለሱለትም?»

«ልመልስ ነበር። ዓይኑን ፈራሁ። ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ። ይሰማኝ ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የሚሰድበኝ መሰለኝ። ‹ቀይ ካርድ፣ ቀይ ካርድ› የሚለኝ መሰለኝ። ይውጣለት፣ አልኩ። ቆይቶ ተወ። ንዴቱ በርዶለት ተኛ፣ ብዬ…» ወደ ባንዲራው ዞረች። «ለሰው የነገርኩት ደግሞ ማሽን አይታሰርም ብዬ ነው። አንተ ላይ ይዞራል ብዬ አላሰብኩም፣ ወንድሜ።»

ባንዲራው አንገቱን ደፋ። ባለቤቲቱ ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ የምትመታት መስሎ ነበር፤ መሬት ላይ ከእቴቴ እግር ሥር ተቀመጠችና ፊቷን ጉልበቷ ላይ ቀበረች።

ወንፊት ልትወጣ ይገባት ነበር። ማንገዋለል ግን ልማድ ነው።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለችው ባንዲራውን። «እሺ ቢል መጠለያዎን የሚያጡት እርስዎ ነበሩ። እንዲናገር ያን ያህል ለምን ሮጡ?»

«ይተዉት።»

«ለመዝገቡ ነው።»

«ምን እንደሚል አውቅ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠዋት ጢሙን ስላጨው የኮምፒዩተሩን ድምፅ አስቀንሶ ፊደል በፊደል ነግሮኛል። ‹ለማንም እንዳትናገር፣ ይቺን ራሴ ነኝ የምነፋት› ብሎ አስማለኝ። ከሞተ ወዲህ ደግሞ እትዬን፣ ባለቤቱን፣ ያስከፋል ብዬ ዝም አልኩ።»

እቴቴ ቀና አለች። «ምን አለህ?»

ባንዲራው ጉልበቷ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሹራብ አየ፤ ግማሽ ላይ የቆመውን።

«‹አልሄድም› አለኝ። ‹እቴቴ የአንገቴን ሳትጨርስልኝ ወዴት እሄዳለሁ?›»